ውሃ እንዳይዙ

ፀሐይ ላይ የዋለ የውሃ ጎማ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ሽታ አለው። የጎማም፣ የሳንቲምም፣ የአፈርም ሽታ ነው፤ እጅ ላይ ሲወርድ ደግሞ ሻይ ሊያፈሉበት የጣዱት ይመስል ይሞቃል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ሰውዬ ደጁ ላይ መኪናውን ሲያጥብ በአጠገቡ ሳልፍ ያ ሽታ መታኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰውዬው «ካን አይ ሄልፕ ዩ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ ልበለው? «ኖ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ሦስት መንገድ እስክሻገር ድረስ ግን አሥር ዓመቴ ነበር።

ያኔ እኔና እማዬ የአባባ ላቀው ቤት ቤዝመንት ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ዘመዳችን አይደሉም። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከላይ ብቻቸውን የቀሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። እማዬ ጠዋት ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ከሰዓት ሌላ ሥራ አላት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን የምታደርግበት ቦታ አጣች።

«ጋሽ ላቀው፣ እባክዎን ይቺን ልጅ ዓይንዎን ጣል ያድርጉባት» አለቻቸው።

«እኔስ ዓይኔን እጥልባታለሁ፤ እሷ ዓይኔ የጣለበት ቦታ ላይ ትገኛለች ወይ?» አሉ።

አልገኝም ነበር። በሁለተኛው ቀን «ፌንጣ» ብለው ስም አወጡልኝ። እስከ መጨረሻው በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

እሳቸው ወሩን ሐምሌ ነው የሚሉት፣ እኔ ደግሞ ጁላይ። ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው ሰማዩን ያዩና «ይሄ ምን ዓይነት ክረምት ነው? ሐምሌ ሆኖ አቧራ!» ይላሉ። እኔ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሰማዩ ምን እንዳጠፋ አይገባኝም።

የሰፈሩ ቤት ሁሉ ፊት ለፊቱ ሣር ነው። የተላጨ፣ አረንጓዴ፣ ጠዋት ማታ ውሃ የሚረጭበት ሣር። የአባባ ላቀው ደጅ ግን ከበረንዳው እስከ እግር መንገዱ እኔን ወገቤ ድረስ የሚውጠኝ አበባና አገዳ ነበር። መጀመሪያ የመጣን ቀን ሰው የማይኖርበት ቤት መስሎኝ እማዬን ጎተትኳት። ዘሩን የሰጠቻቸው ሚስ ዶሪስ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ዳያሊሲስ የሚያደርጉበት ቦታ ወንበሯ ከወንበራቸው አጠገብ ነው። አራት አራት ሰዓት ጎን ለጎን ተጋድመው የሚያወሩት ስለ አበባ ብቻ ነበር።

«እነዚህ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው» አሉኝ። «ሙቀቱንም ድርቁንም ያውቁታል። ውሃ ስጡን ብለው አያስቸግሩም። ወፉም ንቡም የሚያውቀው እነሱን ነው።»

የእንግሊዝኛ ስማቸው አልያዝ ስላላቸው ለሁሉም የራሳቸውን ስም ሰጥተዋል። መሐሏ እንደ ጃርት የሚዋጋውን ሐምራዊ አበባ «ጃርት ራስ» ይሏታል። ቅጠሏ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የምታፈሰው «ወተቴ» ናት። ቢጫዋ፣ ዓይኗ የጠቆረው ደግሞ «ባለኩሏ»። እማዬ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ባለኩሏን አይታ «ውይ፣ አደይ አበባ!» ብላ ጮኸች።

«አይደለችም» አሏት። «አደይ ለበዓል ብቅ ብላ የምትሄድ እንግዳ ናት። ይቺ ሠራተኛ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ሺፍት አታጎድልም።»

እማዬ «እንደኔ ይበሏታ» ብላ ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተዘረፈጠች።

የእኔ ሥራ አንድ ነበር። አበባ ማስቀመጫ ሥር የሚደረግ ሰፊ ዝርግ ሸክላ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ያደረውን ውሃ ደፍቼ፣ ፈትጌ፣ እንደገና እሞላለሁ። ውሃው ካደረ ትንኝ ይፈለፈልበታል። መሐሉ ላይ ጠጠር እደረድራለሁ፤ ንብ ዋና አትችልማ፣ የምትቆምበት ያስፈልጋታል። ቀይ ወፍ ይመጣል፣ ሚስቱ ትከተለዋለች፣ ተርብ ይመጣል፣ ሽኮኮ እንኳ መጥቶ እንደ ሰው በሁለት እጁ ተደግፎ ይጠጣል። ለተክሎቹ ግን ውሃ የለም። በዚያ ዓመት የተተከሉት ብቻ በሳምንት አንድ ቀን በማለዳ፣ ሥራቸው ላይ፣ ቀስ ተብሎ ይጠጣሉ።

«አባባ፣ ጠምቷቸዋል እኮ» እላቸዋለሁ።

«ይጥማቸው። ከላይ ከላይ ካጠጣሻት ሥሯን ከላይ ታስቀረዋለች። ሲጠማት ነው ወደ ታች የምትቆፍረው።»

ክፋት ነበር የመሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አስቤ ነበር። ደግሞ አንድ ቀን ወተቴን ባለ ጥቁርና ቢጫ መስመር ትል ሲግጣት አይቼ እየጮህኩ ሮጬ ስነግራቸው፣ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም። «ይብላት፤ ለሱ ብዬ ነው የተከልኳት» አሉ። ሰው ትል እንዲበላለት ብሎ ተክል ይተክላል፣ ውሃ ግን ይከለክለዋል! ማታ ለእማዬ ስነግራት «አንቺ ከትልቅ ሰው ጋር አትከራከሪ» ብላ እንቅልፏን ተኛች።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነጭ ቫን መጥቶ ይወስዳቸዋል። በእነዚያ ቀናት እኔ ማዶ ያለችው ጎረቤት ጋ ካርቱን እያየሁ እቆያለሁ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ «ደሜን አሳጥቤ መጣሁ» ይላሉ። ለእኔ የሚታየኝ ላውንድሪ ነው፤ በክቡ መስታወት ውስጥ የሚሽከረከር ቀይ ነገር። «ማድረቂያ ውስጥም ያስገቡታል?» ብዬ ስጠይቃቸው ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። የቀን ውሃቸው ጠዋት በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል። እሷ ካለቀች አለቀች። ሻዩም፣ ሾርባውም፣ መድኃኒት የሚውጡበትም ከእሷ ነው። ከሰዓት ላይ ከንፈራቸው ይሰነጣጠቅና የሎሚ ቁራጭ ይመጥጣሉ።

እኔ የማየው ይህንን ነው። ሽኮኮው እስኪጠግብ ይጠጣል፤ የቤቱ ባለቤት ሎሚ ይመጥጣል።

እሑድ እሑድ ልጃቸው ሰናይት ከአሌክሳንድሪያ ትመጣለች። ሽቶዋ ከመኪናው ቀድሟት ይወርዳል። ደጁን አትወደውም፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እባብ ያለበት ይመስል በጠርዙ ነው የምታልፈው። አንድ እሑድ እኔ የወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ትል እየፈለግኩ ተጎንብሼ ከውስጥ ድምጿ ተሰማኝ።

«አባዬ፣ ነርሷ እኮ ኮል አደረገችኝ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ውሃ ይዘህ ሄድክ!»

«ትንሽ ነው የያዝኩት።»

«ትንሽ? ሦስት ኪሎ ተኩል! ስማኝ፣ ከዚህ በኋላ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ውሃ ይዘህ ኢመርጀንሲ ከገባህ አለቀ። አሌክሳንድሪያ እኔ ጋ ትገባለህ። ይሄ ቤት ይሸጣል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። ማልልኝ።»

«ሰናይት ትሙት!»

«እኔን ደግሞ ምን አገባኝ!» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አባባ ላቀው ሊሄዱ ነው። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚሆነው ውሃ ስለያዙ ነው።

ውሃ መያዝ ለእኔ ምንድን ነው? በእጅ መያዝ ነዋ። ጓሮ ያለችው አረንጓዴ የውሃ ማጠጫ ስትሞላ ሦስት ኪሎ ተኩል ትሆናለች ብዬ ገመትኩ። የታመመ ሰው ሸክም ማንሳት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ እማዬም ወገቧን ሲያማት ሐኪሙ ከልክሏታል። በማግስቱ ማክሰኞ... አይ፣ በማግስቱ ሰኞ ነው፣ ቫኑ ነበር። ማክሰኞ በማለዳ ማጠጫዋን አንስተው ወደ አዲሶቹ ተክሎች ሲሄዱ ሮጬ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው።

«አባባ፣ ውሃ አይያዙ!»

ቆመው አዩኝ። «ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ሰናይት ስትል ሰማሁ። ውሃ ከያዙ ይወስድዎታል። እኔ አላስይዝዎትም፤ ጠብታ አላስይዝዎትም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አገጬን ያዝ አድርገው «ጎሽ የኔ ልጅ። እንግዲያው ጠባቂዬ አንቺ ነሽ» አሉ። እንዲህ ተግባባን። ሁለታችንም በሚገባ የተግባባን መስሎን ነበር።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። በፋራናይት መቶ አለፈ፣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ የመልእክት ሳጥኑን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ነው የሚያወራው፤ ውሃ ጠጡ፣ በአቅራቢያችሁ ያሉ አረጋውያንን ተመልከቱ፣ ውሃ መጠጣታቸውን አረጋግጡ። እኔ በአቅራቢያዬ ያለ አረጋዊ አንድ ነው። ቀትር ላይ ወተቴ ቅጠሏን ጥላ አንገቷን ትደፋለች። «ተኝታ ነው፤ ማታ ትነቃለች» ይላሉ አባባ። ትነቃለች፤ እኔ ግን አላመንኳትም። ቫኑ በሚወስዳቸው ቀን ከጎረቤት ካርቱን ሾልኬ እመጣና የውሃ ጎማውን ከፍቼ ደጁን በሙሉ አርሰው ጀመር። ትኩሱ ውሃ ሽታው ይነሣል። አፈሩ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ እምቢ ይላል፤ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ማንም የማያውቀው ቸርነት።

እሳቸውን ማጠጣት ነው የከበደኝ። «የዛሬዋ አልቃለች» ይላሉ ጠርሙሷን እያሳዩኝ። ታዲያ ሰው እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ እማዬ ሳታስተምረኝ አስተምራኛለች። እንግዳ መጥቶ «ጠግቤያለሁ» ሲል «በሞቴ» ትላለች፤ እንግዳው ይበላል። «በቃኝ» ሲል «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች፤ ይበላል። እንግሊዝኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ቃል አላውቅም። ፕሊስ ብትይው «ኖ ታንክስ» ይልሻል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በረንዳው ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ትልቁን ብርጭቆ በበረዶ ሞልቼ፣ ውሃ አድርጌበት ይዤላቸው መጣሁ። ብርጭቆው ላቡ በውጭ ይወርዳል።

«ለኔ ነው?»

«ለእርስዎ።»

«ፌንጣ፣ ጠባቂዬ አልነበርሽ?»

«እኔ ነኝ የያዝኩት፤ እርስዎ ይጠጡ ብቻ።»

ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው። «ውሰጂው» አሉ።

«በሞቴ።»

ሳቃቸው ቆመ። «እንዲህ አይባልም። ልጅ በራሱ ሞት አይምልም።»

«በሞቴ አባባ! በሞቴ!» እግሬን መታሁ።

ብርጭቆውን አዩት። እኔንም አዩኝ። ጎዳናው ላይ አንድም ሰው አልነበረም፤ ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ብቻ ይጮሃሉ። ብርጭቆውን ተቀብለው አንድ ጊዜ ተጎነጩና ሊመልሱልኝ ዘረጉት፤ ከዚያ እጃቸው መንገድ ላይ ተመለሰ። ጉሮሯቸው ላይ ያለው አጥንት ሲወጣ ሲወርድ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። በረዶውን ቆረጠሙት። እኔ ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ አስደስቼ አላውቅም።

ከሰዓት ሌላ ብርጭቆ። ማታ ሐብሐብ፤ ሁለት ቁራጭ፣ በሞቴ ሦስት። እሑድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እንደገና ውሃ። ያኔማ «በሞቴ» ማለትም አላስፈለገኝም።

እማዬ ከቀትር በኋላ ስትመለስ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ጋደም ማለት አልቻሉም። ሲተነፍሱ ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። እማዬ ነጠላዋን ጥላ ተንበርክካ ካልሲያቸውን ዝቅ አደረገች፣ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«በስመ አብ! ጋሽ ላቀው፣ ውሃ ይዘዋል!»

«አልያዙም!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ ሙች፣ ምንም አልያዙም! ሁሉንም እኔ ነኝ የያዝኩት!»

«ዝም በይ! ስልኩን አምጪ!»

አምቡላንሱ ሲመጣ ባለኩሏን ረግጠው ነው አልጋውን ያሳለፉት። መኪና ውስጥ እየተከተልናቸው እማዬ «ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ነው የሚያዘው፤ ኩላሊታቸው አያወጣውም፣ የጠጡት ሁሉ ሳንባቸው ላይ ይተኛል» አለችኝ። እንዲሁ ነው የነገረችኝ፣ መንገዱን እያየች። እኔ የመቀመጫ ቀበቶውን ሁለት እጄ ላይ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ። ሐብሐቡን አሰብኩ።

ሰናይት ሆስፒታል ስትደርስ ሽቶ አልነበራትም። ጫማዋ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። አባቷ አፍና አፍንጫቸው ላይ ማስክ ተደርጎላቸዋል።

«ምንድን ነው የጠጣኸው? ማን ነው ያጠጣህ?» አለቻቸው። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው እንዳልነበረ ታውቃለች። እማዬም ወደ እኔ ዞረች።

አባባ ማስኩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ማን ያጠጣኛል? ጠማኝ፣ ተነሥቼ ጠጣሁ።»

«ማልክልኝ እኮ አባዬ!»

«ዋሸሁሽ።»

ወደ እኔ አንድ ጊዜም አላዩም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። አሥር ዓመቴ ነበር ብዬ ራሴን ማጽናናት እችላለሁ፤ አሥር ዓመት ግን አፍ አለው። ያን ቀን «እኔ ነኝ» ብል ምናልባት ሰናይት ትጮህብኝ፣ ከእኔ ጋር እንዳይውሉ ታደርግና ቤታቸው ውስጥ ትተዋቸው ነበር። ምናልባት። አላልኩም። በአልጋው ብረት ላይ ተደግፋ ስታለቅስ አየኋት። እሷንም ክፉ ናት ብዬ አስብ ነበር።

አባባ ዕቃቸውን ለመሰብሰብ ለሁለት ሳምንት ተመለሱ። ሙቀቱ ጋብ ብሏል። አንድ ጠዋት አዲሶቹ ተክሎች ጋ ቁጢጥ ብለው የቢጫ ቅጠል ክምር ሲያዩ ደረስኩ። አንዷን ወተቴ ሳብ ሲያደርጓት ያለ ትግል መጣች፤ ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል። አፈሩን በጣታቸው አሹት። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ አዩ። እሳቸው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚጠቀልሉት፤ እኔ ወደ ግራ ጠቅልዬዋለሁ።

«ጠምቷት መስሎሽ ነው?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሷንም በሞቴ አልሻት?»

ሊያስቁኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ንፍጤ እስኪወርድ። እንዳለቅስ ተዉኝ። ሲበቃኝ የሞተችውን ተክል እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «የሞተውን ንቀይው፤ ሌላውን እንዳትነኪው» አሉ። «ሲደርቅም እንዳትቆርጪው። አገዳው ውስጥ ንብ ይከርማል። ፍሬውን ወፍ ይለቅመዋል። ሰው ቆሻሻ ነው ቢልሽም ተዪው።»

«እሺ።»

«እስክትወጡ ድረስ ያንቺ ነው።»

ጠበቅኩት። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሸክላውን በየጠዋቱ ሞልቼ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። አንድ ቀን ስመለስ ደጁ የለም። ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ ገዢ ከመምጣቱ በፊት መጽዳት አለበት ብሎ ሠራተኞች አስመጥቶ አስነቅሎታል፤ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ሣር አምጥተው ዘርግተውበታል። ጠርዙ ገና አልተገጣጠመም። ሸክላው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። ውሃ የሚረጭ ማሽን ተተክሎ ዙሪያውን ይዞራል፤ ጭጭጭ ይላል።

ኅዳር ላይ እማዬ አሌክሳንድሪያ ወሰደችኝ። ሰናይት የምትኖረው ዘጠነኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ የማይከፈት። በሩ ላይ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ስለ ግቢው እንዳትነግሪው፤ አላወቀም» አለችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እጄን ጭብጥ አድርጋ ለቀቀችኝ።

አባባ መስኮቱ አጠገብ ሶፋ ላይ ነበሩ። ኮፍያቸውን አድርገዋል። ቀጥነዋል፤ የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል። ሚስ ዶሪስ አዲሱ የዳያሊሲስ ቦታ የለችም። እዚያ አጠገባቸው የሚተኛው ሰውዬ ሁልጊዜ እንቅልፉን ነው።

«ፌንጣ፣ ነይ። ደጁ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ደኅና ደኅና አትበይኝ። አንድ በአንድ ንገሪኝ።» ወደ ኋላ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነገርኳቸው። ባለኩሏ መንገዱ ድረስ ሞልታለች አልኩ። ወተቴ አዲስ ቅጠል አውጥታለች፣ ትል አለባት፣ ሦስት ትል። ጃርት ራስ እንደ ጉድ አብባለች፣ ንቡ አያሳልፍም፣ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ሐምራዊ ብቻ ነው የሚታየው። እየፈጠንኩ ሄድኩ፤ ቆም ካልኩ የማለቅስ መስሎኝ።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በኅዳር?»

ቀና ብዬ አየሁ። ከመስኮቱ ማዶ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ነው፤ አንድ ቅጠል የለውም። አባባ ያን ራቁት ዛፍ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው እንደገና ተደገፉ።

«እሺ» አሉ። «ወፎቹስ?»

«አሉ።»

«ምን ይሠራሉ?»

አሰብኩ። በደንብ አሰብኩ።

«ጃርት ራስ ደርቃለች አባባ። ጠቁራ ቆማለች። ወፎቹ ራሷ ላይ ተንጠልጥለው ፍሬዋን ይለቅማሉ።»

«ጎሽ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አሁን ኅዳር ሆነ። ቀጥዪ።»